ከኡቡንቱ ወደ ዴቢያን፦ በጥናት መካከል የሊኑክስ ስርጭትን ስለ መቀየር

በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዘንድ ሊኑክስን ለዕለት ተዕለት ሥራ መጠቀም እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል። የፈቃድ ክፍያ አይጠይቅም፤ ዕድሜው በገፋ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፤ ለስታቲስቲክስ፣ ለካርታ ሥራና ለጽሑፍ ዝግጅት የሚያስፈልጉት ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ ያለ ክፍያ ይገኙበታል። ከዚህ መልካም ልማድ ጋር ግን ሌላ ልማድ ተያይዞ መጥቷል፤ ይኸውም ከአንዱ የሊኑክስ ስርጭት ወደ ሌላው በየጊዜው መዘዋወር ነው። አንዱ ኡቡንቱን ትቶ ወደ ሚንት፣ ሌላው ሚንትን ትቶ ወደ ፌዶራ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁሉንም ትቶ ወደ አርች ይሄዳል። ዝውውሩ ብዙውን ጊዜ እንደ ልብስ ምርጫ የግል ጣዕም ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። አማካሪው አይጠይቅበትም፤ ተማሪውም በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ አይጠቅሰውም።

በእኔ እምነት ይህ አያያዝ ተገቢ አይደለም። ስርጭት ማለት ከርነሉን፣ የሥርዓቱን ላይብረሪዎች፣ የዴስክቶፑን ገጽታና በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን መርጦ፣ የየአንዳንዳቸውንም ስሪት ወስኖ፣ አዋህዶ የሚያቀርብ የጋራ ሥራ ነው። መረጃውን በኮምፒውተር ለሚተነትን ተመራማሪ ይህ ውሳኔ የመሣሪያው አካል ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ የጥናቱን ግማሽ ናሙና በአንድ ሚዛን፣ የቀረውን በሌላ ሚዛን መዝኖ ይህንኑ ሳይናገር የሚያልፍ ተማሪ በመከላከያው ቀን ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። የስርጭት ለውጥ ግን በዝምታ ያልፋል። ከዚህ በታች ሁለት ነገሮችን አቀርባለሁ፦ አንደኛው ለውጡ ውጤትን በምን መንገድ እንደሚነካ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላም ከኡቡንቱ ወደ ዴቢያን መሸጋገር በትክክለኛው ጊዜ ከተደረገ ድካሙን የሚክስ ነው የሚል ሐሳብ ነው።

ለውጡ የሚነካው ምንድን ነው?

በማኅበራዊ ሳይንስም ሆነ በግብርና ተማሪዎቻችን በብዛት ከሚጠቀሙበት «አር» ከተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የ3.6.0 ስሪት ዘፈቀዳዊ ናሙና የሚመረጥበትን ስልት ቀይሯል። የቀድሞው ስልት በትልልቅ የናሙና ማዕቀፎች ላይ ትንሽ አድልዎ ስለነበረበት ለውጡ ተገቢ ነበር። ነገር ግን አንድ ተመራማሪ ናሙናው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲወጣለት መነሻ ቁጥር ቢመዘግብ እንኳ፣ በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ትዕዛዝ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የሚመረጡለት አባወራዎች የተለያዩ ናቸው። ኡቡንቱ 18.04 ይዞት የወጣው የአር ስሪት 3.4.4 ሲሆን፣ ኡቡንቱ 20.04 የያዘው 3.6.3 ነው። ዴቢያን 10 በ3.5.2፣ ዴቢያን 11 ደግሞ በ4.0.4 ወጥተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ናሙና በኡቡንቱ 18.04 አውጥቶ፣ ስርጭት ቀይሮ፣ ሁለተኛውን ዙር በዴቢያን 11 ያወጣ ተማሪ ባላወቀው መንገድ ሁለት የናሙና አመራረጥ ስልቶችን ተጠቅሟል። የቀድሞውን ስልት በአንዲት ትዕዛዝ መመለስ ይቻላል፤ ትዕዛዟን የሚጽፋት ግን ለውጡን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በዚሁ መካከል ሌላም ነገር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከ4.0.0 ጀምሮ አር የጽሑፍ ዓምዶችን በራሱ ወደ ምድብ ተለዋዋጭ መለወጡን ትቷል። በአሮጌው ጠባይ ላይ ተመሥርተው የተጻፉ ስክሪፕቶች አንዳንዶቹ በስህተት መልእክት ይቆማሉ፤ እነዚህ ዕድለኞቹ ናቸው። የሚያሳስቡት ሳይቆሙ ቀጥለው የተለየ ሠንጠረዥ የሚያወጡት ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ የተሸሸገ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 የወጣው የ«ጂሊብሲ» 2.28 ስሪት፣ ማለትም በአብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ሥር ያለው መሠረታዊ የሲ ቋንቋ ላይብረሪ፣ ጽሑፍ የሚደረደርበትን ደንብ አድሷል። አንባቢ ሊፈትነው ይችላል፦ «1-1» እና «11» የሚሉ ሁለት መስመሮችን በአሜሪካ እንግሊዝኛ የቋንቋ ቅንብር እንዲደረድር ቢታዘዝ አሮጌው ሥርዓት «11»ን ያስቀድማል፤ አዲሱ ደግሞ «1-1»ን። ኡቡንቱ 18.04 በአሮጌው ወገን፣ ዴቢያን 10 በአዲሱ ወገን ናቸው። የቀበሌና የቤት ቁጥሮችን በሰረዝ እየለየ ለመዘገበ የዳሰሳ ጥናት ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። ፖስትግሬስ በተባለው የመረጃ ቋት የሚሠሩ ሰዎች ጣጣውን ጠንቅቀው ያውቁታል። የቋቱን ፋይሎች እንዳሉ ወደ አዲሱ ሥርዓት ሲያሻግሯቸው ማውጫዎቹ በአሮጌው ደንብ እንደተደረደሩ ስለሚቀሩ፣ እንደገና እስኪገነቡ ድረስ በቋቱ ውስጥ ያለ መዝገብ ሲፈለግ «የለም» የሚባልበት ሁኔታ ይፈጠራል።

ከዴስክቶፕ አልፎ በታተመ ሳይንስ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ኬሚስቶች በሙያቸው በስፋት ይሠራበት የነበረ አንድ የፓይተን ስክሪፕት ለአንድ ዓይነት መረጃ በተለያዩ ስርዓተ ክወናዎች ላይ የተለያየ ውጤት እንደሚሰጥ አሳዩ። ምክንያቱ ስክሪፕቱ ፋይሎቹ በተወሰነ ተራ ይመጣሉ ብሎ መነሣቱ ነበር፤ ተራውን የሚወስነው ግን ሥርዓቱ ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ የታተመ የአንጎል ምስል ትንተና ጥናት ደግሞ አንድ ዓይነት መረጃ በሴንትኦኤስ 5 እና በፌዶራ 20 ላይ ሲተነተን ልዩነት እንደሚታይ አመልክቷል። እዚያ ጥፋተኛ የሆነ ስክሪፕት አልነበረም። በሁለቱ ሥርዓቶች የሒሳብ ላይብረሪ ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ልዩነቶች በረጅም የስሌት ሰንሰለት ውስጥ እየተጠራቀሙ አድገው ነው።

እነዚህን ምሳሌዎች የማነሣው ስርጭት መቀየር ሁልጊዜ ውጤት ያበላሻል ለማለት አይደለም። አማካኝና መደበኛ ልይይት የሚያሰላ ሰው ምንም ልዩነት ላያይ ይችላል። ነገር ግን ልዩነቱ መኖሩንና አለመኖሩን ማረጋገጥ የተመራማሪው ኃላፊነት ነው፤ ለማረጋገጥም ከምን ወደ ምን እንደ ተሸጋገረ መመዝገብ አለበት።

ለመቀየር የማይበቁ ምክንያቶች

ስርጭት ለሚቀይሩ ተማሪዎች ምክንያታችሁ ምንድን ነው ቢባሉ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ፍጥነት ወይም ውበት ነው። ሁለቱም ደካማ ምክንያቶች ናቸው። ከርነሉ በሁሉም ዘንድ ያው የሊኑክስ ከርነል ነው፤ ላፕቶፑን የሚያከብደው አብዛኛውን ጊዜ የዴስክቶፕ ገጽታው ነው። ገጽታውን ደግሞ ስርጭቱን ሳይነኩ መለወጥ ይቻላል። በኡቡንቱ ላይ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢን መጫን ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። ስርጭቱን በሙሉ አፍርሶ መገንባት ግን ቤቱ ቀለም ቢያንሰው ግድግዳውን እንደ መናድ ነው። በቪዲዮ የሚሠራጩ የስርጭት ግምገማዎችም ለዚህ ፍላጎት ነዳጅ ሆነዋል። ገምጋሚው ስርጭቱን ከጫነው ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላው ይፈርድለታል ወይም ይፈርድበታል፤ ተማሪው ግን አብሮት ሁለት ዓመት ሊኖር ነው።

መዘዋወሩ ትምህርት ነው የሚሉም አሉ። ይህ ክርክር ክብደት አለው። ሊኑክስን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ብዙዎቹ ያወቁት እያፈረሱና እየገነቡ ነው። ነገር ግን ለመማር ቨርቹዋል ማሽን አለ፤ ትርፍ ዲስክ አለ፤ የጥናቱ ረቂቅና ጥሬ መረጃው ያለበት ብቸኛ ላፕቶፕ የመማሪያ ሜዳ ሊሆን አይገባውም።

ለመቀየር የሚበቁ ምክንያቶች

ከባዱ ምክንያት የስርጭቱ የአገልግሎት ዘመንና የአስተዳደሩ ጠባይ ነው። ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየን የሴንትኦኤስ ታሪክ ነው። የአሜሪካው ፈርሚላብና የአውሮፓው ሴርን ለቅንጣት ፊዚክስ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሳይንቲፊክ ሊኑክስ የተባለ የራሳቸው ስርጭት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ፈርሚላብ የዚህ ስርጭት ስምንተኛ እትም እንደማይኖርና ወደ ሴንትኦኤስ 8 እንደሚሸጋገር አስታወቀ። ሴንትኦኤስ 8 በዚያው ዓመት መስከረም ወጣ፤ እስከ 2029 ድረስ እንደሚደገፍም ይጠበቅ ነበር። ታኅሣሥ 2020 ላይ ግን ሬድ ሃት የሴንትኦኤስ 8 ድጋፍ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ አስታወቀ። የአሥር ዓመት ተስፋ ወደ ሁለት ዓመት ወረደ ማለት ነው። ክፍተቱን ለመሙላት አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጡ፤ ሴርንና ፈርሚላብም በታኅሣሥ 2022 አልማሊኑክስን ለሙከራዎቻቸው መደበኛ ስርጭት አድርገው እንደሚደግፉ አስታወቁ። በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ሁለቱ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አቅጣጫ ለመቀየር ከተገደዱ፣ ስርጭቱን ማን እንደሚያስተዳድረው መጠየቅ ለአንድ ተማሪም ቅንጦት አይሆንም።

ከኡቡንቱ ወደ ዴቢያን የሚደረገውን ሽግግር የምደግፈው በዚህ ዓይን አይቼው ነው። ሁለቱ ባዕዳን አይደሉም። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 በኢያን መርዶክ የተጀመረ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው፤ ኡቡንቱ ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ባቋቋመው በካኖኒካል ድርጅት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ከዴቢያን ላይ ተገንብቶ ወጣ። የጥቅል አያያዛቸው አንድ ነው፤ ትዕዛዞቻቸውም በአብዛኛው አንድ ናቸው። ለአፍሪካ ተጠቃሚ የኡቡንቱ ውለታ ቀላል አልነበረም። ሲዲ በነፃ በፖስታ እየላከ፣ ፈጣን መስመር በሌለበት ዘመን ሊኑክስን ወደ ብዙ አገር አድርሷል። ይህን ውለታ መዘንጋት ነውር ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ላለው ተመራማሪ ሁለቱ ስርጭቶች የሚለያዩባቸው ሦስት ነጥቦች አሉ።

የመጀመሪያው የደኅንነት ድጋፉ ወሰን ነው። ኡቡንቱ ለአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያቀርባል ሲባል ቃሉ የሚጸናው «ሜይን» በተባለው ክምችት ውስጥ ላሉት ጥቅሎች ነው። አር፣ የካርታ ሥራው ኪውጂአይኤስ፣ ኦክታቭና ሌሎች ብዙ የሳይንስ ጥቅሎች የሚገኙት ግን «ዩኒቨርስ» በተባለው፣ በማኅበረሰቡ በሚጠበቀው ክምችት ውስጥ ነው። ካኖኒካል ኡቡንቱ ፕሮ በተባለው አገልግሎት ለእነዚህም ድጋፍ ይሰጣል፤ ለግል ተጠቃሚም እስከ አምስት ማሽን ድረስ በነፃ ነው። ግን መመዝገብን ይጠይቃል። በዴቢያን ዘንድ እነዚህ ጥቅሎች ከሌሎቹ ጋር በዋናው ክምችት ውስጥ ይገኛሉ፤ ዴቢያን ሳይንስና ዴቢያን ሜድ የተባሉ የባለሙያ ቡድኖችም ይንከባከቧቸዋል።

ሁለተኛው የማሻሻያ ባለቤትነት ነው፤ ለእኛ አገር ተጠቃሚ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ይህ ይመስለኛል። ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስን የሚያቀርበው «ስናፕ» በተባለው ጥቅል ነው። ስናፕ በራሱ ፈቃድ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ስሪት መኖሩን ይጠይቃል፤ ካገኘም ያወርዳል። ያለ ገደብ የሚፈስ መስመር ላለው ሰው ይህ ምቾት ነው። በጥቅል ገዝቶ በሞባይል ስልኩ በኩል ለሚገናኝ ተማሪ ግን ማታ ለንባብ የገዛው ሜጋባይት ጠዋት ሳይነካው ሊያልቅ ይችላል። ማሻሻያውን ማገድ ተፈቅዷል፤ ሆኖም ተጠቃሚው ማገድ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ሊኑክስ ሚንት ራሱ ከኡቡንቱ ላይ የተገነባ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው በ20ኛው እትሙ ስናፕ ያለ ተጠቃሚው ፈቃድ እንዳይጫን ማገዱ ቅሬታው የጥቂት ሰዎች አለመሆኑን ያሳያል። ዴቢያን የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን የፋየርፎክስ ስሪት በተለመደው ጥቅሉ ያቀርባል፤ መቼ እንደሚወርድም የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

ሦስተኛው የጊዜ ምት ነው። ዴቢያን በየሁለት ዓመቱ ገደማ የተረጋጋ እትም ያወጣል፦ 11ኛው በነሐሴ 2021፣ 12ኛው በሰኔ 2023፣ 13ኛው በነሐሴ 2025። እያንዳንዱ እትም ሦስት ዓመት ያህል መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ፣ ከዚያም በረጅም ጊዜ ድጋፍ ቡድኑ አማካይነት እስከ አምስት ዓመት ያገኛል። ከሁሉ በላይ ግን በእትሙ ዘመን ውስጥ የጥቅሎቹ ስሪት በመሠረቱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የደኅንነት ቀዳዳና ከባድ ስህተት ሲደፈን ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ከዚህ ምት ጋር ሊገጥም ይችላል። ፌዶራ በበኩሉ አንዱን እትም የሚደግፈው ለ13 ወራት ያህል ነው፤ ስለዚህ በሁለት ዓመት ጥናት መካከል ቢያንስ አንድ ጊዜ መሻገር ግድ ነው። አርች ደግሞ ከነጭራሹ እትም የለውም፤ ሁልጊዜ ይፈስሳል። ለሶፍትዌር ሠሪ ይህ በረከት ሊሆን ይችላል። በጥር የሠራውን ሠንጠረዥ በሰኔ ለፈታኝ ደግሞ ማሳየት ለሚኖርበት ተማሪ ግን የሚመከር አይደለም።

መቃወሚያዎች

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው ጠንካራ መቃወሚያ የስርጭት ጉዳይ ጊዜ አልፎበታል የሚለው ነው። ትንታኔውን በኮንቴይነር ወይም በኮንዳ ውስጥ ለብቻው ብናደርገው ከታች ያለው ሥርዓት ኡቡንቱ ሆነ ዴቢያን ምን ለውጥ ያመጣል? መቃወሚያው በግማሽ ትክክል ነው። የሚችል ሁሉ ትንታኔውን እንዲህ ቢነጥል መልካም ነው፤ የአር ተጠቃሚዎችም የጥቅሎቻቸውን ስሪት የሚመዘግብላቸው መሣሪያ አላቸው። ነገር ግን ኮንቴይነሩ ራሱ በውስጡ ስርጭት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜም ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ነው። ጥያቄው ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በተጨማሪም የምናወራው ስለ ዕለት ተዕለት አገልግሎት ነው፤ ምንጮቹን የሚያደራጀው፣ ጽሑፉን የሚጽፈው፣ ጥሬ መረጃውን በጠረጴዛ ላይ የሚያጸዳው ተማሪ ከኮንቴይነር ውጭ ነው የሚውለው።

ዴቢያን አሮጌ ሶፍትዌር ያቀርባል የሚለውም እውነት ነው። ዴቢያን 12 የያዘው አር 4.2.2፣ የያዘው ፓይተን 3.11 ነው፤ አዲስ የስታቲስቲክስ ጥቅል ከዚህ የላቀ ስሪት ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ የኋላ ክምችት የሚባለው አለ፤ የአር አዘጋጆችም ለዴቢያን የራሳቸውን ክምችት ያቀርባሉ። የቅርብ ጊዜ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ግን አሮጌው ከርነል የስክሪን ወይም የገመድ አልባ ካርዱን ላያውቅለት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ኡቡንቱ ላይ ቢቆይ አልከራከረውም። ቀድሞ ዴቢያንን ለመጫን ትልቁ እንቅፋት የገመድ አልባ ካርድ ሶፍትዌር በይፋዊው መጫኛ ውስጥ አለመኖሩ ነበር፤ አባላቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በድምፅ ከወሰኑ በኋላ ከ12ኛው እትም ጀምሮ ተካትቷል።

የሽግግሩ ዋጋ

ሽግግሩ ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች የሚቆጥሩት የመጫኛውን ሠላሳ ደቂቃ ነው። እውነተኛው ዋጋ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ይከፈላል፤ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ በመጠኑ ይበዛል። አዲሱ ሥርዓት ሲከፈት የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ የለም። በድምፅ አጻጻፍ ለለመደ ሰው አይበስ የተባለውን የግብዓት ሥርዓት ከነ አማርኛ ሰንጠረዡ መጫን፣ ወይም ኪይማንን መጠቀም ያስፈልገዋል። ፎንትም እንዲሁ ነው፤ አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ በዴቢያን ክምችት ውስጥ አሉ። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ፎንት የተጻፈ የጥናት ጽሑፍ ግን ሊኑክስ ላይ ሲከፈት በሌላ ፎንት ይተካል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ሌላ ቦታ ላይ ይሰበራል፣ ገጹ ይገፋል፣ ማውጫው ከገጾቹ ጋር አይገጥምም። ከዩኒኮድ በፊት በነበረው ስልት፣ የላቲን ፊደላትን ቦታ ወስደው በተሠሩ ፎንቶች የተጻፉ ጽሑፎችስ? እነዚያ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆነው ነው የሚታዩት። እንዲህ ያለ ሰነድ ያለው ሰው ከሽግግሩ በፊት ወደ ዩኒኮድ ቢለውጠው ይበጀዋል። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው።

የግል አቃፊን እንዳለ ወደ አዲሱ ሥርዓት መገልበጥም ወጥመድ አለበት፤ በተለይ ከአዲስ ስሪት ወደ አሮጌ ስሪት ሲኬድ። ፋየርፎክስ በአዲስ ስሪት የተከፈተ ማኅደርን በአሮጌው ለመክፈት እምቢ ይላል። ዞተሮም በአዲስ ስሪት ያደሰውን የምንጮች ቋት በአሮጌ ስሪት አይከፍትም። ለሦስት ዓመት የተሰበሰቡ ምንጮች በዚህ ምክንያት እንዳይቆለፉ የዞተሮ ስሪቶችን ማመሳሰል ወይም ቋቱን አስቀድሞ ወደ ገለልተኛ ቅርጸት ማውጣት ይገባል። ለኡቡንቱ የተዘጋጁ የግል ክምችቶችን በዴቢያን ላይ መጨመር ደግሞ ጨርሶ መደረግ የለበትም፤ የዴቢያን ሰዎች በዚህ መንገድ የሚፈጠረውን ድቅል ሥርዓት በፍራንከንስታይን ስም ይጠሩታል፤ ስሙም ይገባዋል። የፓይተን ተጠቃሚዎችም ከዴቢያን 12 ጀምሮ ጥቅሎችን በቀጥታ በሥርዓቱ ውስጥ መጫን እንደሚከለከሉ ያያሉ። ክልከላው ብልሽት አይደለም፤ ለየጥናቱ የተለየ አካባቢ ፍጠር የሚል ማሳሰቢያ ነው።

የማውረዱ ነገርም አለ። የዴቢያን 12 ትንሹ መጫኛ ከ700 ሜጋባይት ያነሰ ሲሆን የኡቡንቱ 24.04 ዴስክቶፕ ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። ሆኖም ትንሹ መጫኛ የቀረውን ከመረብ ስለሚያወርድ ቁጠባው የሚመስለውን ያህል አይደለም። እዚህ ላይ የትምህርት ክፍሎች ሊረዱ ይችላሉ። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የጥቅል መሸጎጫ ፕሮግራም ቢጫን በቤተ ሙከራው ያሉት ማሽኖች ሁሉ አንዱ ያወረደውን ጥቅል ከዚያው ይወስዳሉ፤ ወደ ውጭ የሚሄደው ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ከአንድ ከሰዓት በላይ የማይወስድ ሥራ ነው።

መቼ?

የመሸጋገሪያው ተገቢ ጊዜ ንድፈ ጥናቱ ጸድቆ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ያለው ክፍተት ነው። በዚያን ጊዜ የሚጠፋ ነገር ጥቂት ነው፤ የሙከራ ጥናቱን መረጃም በሁለቱ ሥርዓቶች ላይ አስሂዶ ማነጻጸር ይቻላል። ትንታኔው ከተጀመረ በኋላ ግን በደኅንነት ምክንያት ካልተገደደ በቀር ማንም ባይሸጋገር እመርጣለሁ። ዛሬ በኡቡንቱ 22.04 ላይ ሆኖ ጽሑፉን በመጨረስ ላይ ያለ ተማሪ እስከ 2027 መደበኛ ድጋፍ ስላለው የሚያስቸኩለው ነገር የለም፤ ስናፕን አግዶ መከላከያውን ይጨርስ። በ20.04 ላይ ያለ ግን መደበኛ ድጋፉ በ2025 አብቅቷልና ወይ ኡቡንቱ ፕሮን መመዝገብ፣ ወይ መሸጋገር አለበት። ከተሸጋገረም አሮጌውን ዲስክ እስከ ምረቃው ቀን ድረስ ሳይነካ ያስቀምጠው።

የትምህርት ክፍሎች ምን ያድርጉ ለሚለው ጥያቄ አንድ ስርጭት መርጠው ተማሪውን እንዲያስገድዱ አልመክርም። የምጠይቀው በጥናት ጽሑፉ የዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት መስመር ነው፦ የስርጭቱ ስምና እትም፣ የትንታኔ ሶፍትዌሩና የዋና ዋና ጥቅሎቹ ስሪት፣ የቋንቋ ቅንብሩ፣ በጥናቱ መካከል ለውጥ ተደርጎ ከሆነም ቀኑና ከለውጡ በኋላ እንደገና የተሠሩት ሠንጠረዦች ቁጥር። አር ይህን ዝርዝር በአንድ ትዕዛዝ ያወጣል፤ ተማሪው ገልብጦ በአባሪነት ማያያዝ ብቻ ይቀረዋል። ፈታኞችም በመከላከያው ዕለት ስለ ናሙናው መጠን በሚጠይቁበት ድምፅ ስለዚህ አባሪ ቢጠይቁ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ መረጃ ተረክቦ የሚሠራ ሌላ ተማሪ የትኛውን እትም መጫን እንዳለበት ከመደርደሪያው ላይ ካለው ቅጂ ማንበብ ይችላል።